ሣቅ የነሣኝ አደራ

ያን ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን ዘግቼ ወደ ላውንድሪ ክፍሉ ስመለስ ለምን ሣቅሁ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። መልስ ብዬ የጻፍኋቸውን ሁሉ ሰርዣቸዋለሁ።

ስልኩ የተደወለው ከኢትዮጵያ ነበር። ጁባ፣ አማራት ሰፈር ውስጥ በምሠራበት ሆቴል ጓሮ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ቆሜ ነው ያነሣሁት። ደዋዩ ይርጋ ይባላል፤ አብራኝ የምትሠራውና ኮሎሎ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ የዘነቡ ታላቅ ወንድም ነው። «እማዬ ዐርፋለች፤ ትናንት ቀበርናት» አለኝ። ነፍስ ይማር እንኳ ሳልል ቀጠለ። «ዘነቡ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏም አጠገቧ የለም። አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፤ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እስክትገላገል እንዳትሰማ።» እሺ አልሁት። እሺ ለማለት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም።

ስመለስ ዘነቡ የትልቁን አልጋ አንሶላ ሆዷ ላይ ጠቅልላ፣ ሁለት እጇን ከላይ ጭና ትጠብቀኛለች።

«ወይኒ፣ ሐኪሙ ዋሽቶኛል። ይኼ ልጅ አይደለም። የሆቴሉ ባለቤት ትርፍ ጄኔሬተሩን እኔ ውስጥ ደብቆት ነው። መብራት ሲጠፋ ራሱ ይነሣል!»

ሣቅሁ። ከንፈር የማይገድበው፣ ወገብ የሚያጎብጥ ሣቅ ነበር። የትራስ ልብሶቹ ክምር ላይ ተደግፌ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሣቅሁ። ያሣቀችኝ ጓደኛዬ እናቷ ከተቀበረች ገና አንድ ቀኗ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አልሣቅሁም።

ይህን የምጽፈው እዚህ ጁባ ለምንኖር ሰዎች ነው። እኛ ራሳችንን ሲያመን ወባ ነው እንላለን፤ ሆዳችንን ሲያመን ታይፎይድ ነው እንላለን፤ ልባችን ሲከብደን ደግሞ ሙቀቱ ነው። እኔም እንደዚያ ብያለሁ። ከእኔ ስሕተት የሚጠቅም ካለ ይጠቀምበት።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ፊደል የቆጠርሁት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት እየሠራሁ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ አንድ ሞልቶኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን እንደ ሸክላ ነው የሚይዘው፤ እንዳይሰነጠቅበት ይፈራል። መጽሐፍ ሳነብ ያልገባኝን ቃል ሳልጠይቅ አላልፍም። ላውንድሪም ውስጥ እንዲሁ ነኝ። የፎጣ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ። ሠራተኞቹ ከኋላዬ «ኢንስፔክተሯ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ሣቅ ደግሞ በእኛ ቤት ያልተለመደ ነበር። ሴት ልጅ ጥርሷን አታሳይም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ሲያስቀኝ እጄ ሳላዘው አፌ ላይ ይሄዳል። ዘነቡ ከሦስት ዓመት በፊት ሆቴሉ ስትቀጠር ግን ነገሩ ተለወጠ። ከእኔ በስምንት ዓመት ታንሳለች፤ አፏ አያርፍም። ቀልዷ ሁሉ ስለ እናቷ ስለ እትዬ አለሚቱ ነው። በቪዲዮ ሲደውሉላቸው ስልኩን እንደ ጥንቱ ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል አሉ። «እናቴን በአካል ካየኋት አራት ዓመቴ ነው። ጆሮዋን ግን በየእሑዱ አየዋለሁ» ትለኛለች። «የጉትቻዋን ቀዳዳ እንደ ሰፈሬ መንገድ አውቀዋለሁ።» እጄን ከአፌ ላይ እየያዘች ታወርደው ነበር። «ጥርስሽን አየር ይንካው እንጂ፤ ምን ቆርጦሽ ነው የምትሸፍኚው?»

ሕመሙ የጀመረኝ ስልኩ በተደወለ በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ አልከፈት አለኝ። ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ከተከፈተ በኋላ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ይላል። በሳምንቱ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። አየሩ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል፤ ደረቴ ሥር አንድ ሰው እርጥብ ብርድ ልብስ በሁለት እጁ የሚጠመዝዝ ይመስለኛል። ምግብ አይወርድልኝም። ሌሊት ልቤ እየመታ ይቀሰቅሰኝና፣ ከግድግዳው ማዶ ዘነቡ ስትገላበጥ እየሰማሁ ዛሬ መሞቴ ነው እያልሁ እነጋለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቀን ላይ ስታወራኝ ነበር። «እናቴ እኮ እንዲህ ትላለች» ስትል፣ «ትላለች» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር መንጋጋዬ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ወባ ነው አለኝ። የሦስት ቀን ክኒን ሰጠኝ። ሁለተኛው ደሜን አይቶ ታይፎይድ ነው አለና ለአንድ ሳምንት መርፌ አዘዘልኝ፤ መቀመጫዬ አብጦ በጎኔ እየተኛሁ ጨረስሁት። ሦስተኛው ጨጓራ ነው ብሎ ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። አንዳቸውም ምን እንዳሳሰበኝ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝስ? አልነግራቸውም ነበር። የወር ደመወዜ እዚያ ሁሉ ሄደ፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ወንበሮች ግን ትዝ ይሉኛል። በሦስተኛው ክሊኒክ ወረፋው እስከ በረንዳው ወጥቶ ነበር። ቆሜ ትንፋሼን ስፈልግ፣ አንዲት ያገሬው አሮጊት ከተቀመጡበት ተነሥተው ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። እሳቸው የራሳቸው እግር አብጧል። «ማሌሽ ቢንቲ፣ ማሌሽ» ይሉኛል፤ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። በያዙት ካርቶን አራገቡልኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። ያን ቀን ትንፋሽ የሰጡኝ እሳቸው እንጂ ሽሮፑ አይደለም።

የዘነቡ ባል ግርማ የጭነት ጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ጀልባው ወደ ማላካል ሲወርድ አብሮ ይሄዳል። በተመለሰ ዕለት እሷ ሳትደርስበት ወደብ ድረስ ሄጄ ጠበቅሁት። የማሽላ ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች መካከል ነገርሁት። አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በዘይት እጁ ሸፈነ።

«አሁኑኑ አብረን እንንገራት» አልሁት። ይህን ማለቴን ለራሴ እንደ ምስክር ይዤዋለሁ።

«ልጄን ልትገድዪብኝ ነው? ብትወድቅስ? ቢያስወርዳትስ?»

«ታዲያ አንተ ያዘው። ባሏ ነህ።»

«እኔ? ወይኒ፣ የእኔን ፊት ታውቂው የለ። በር ላይ ስደርስ ትነቃብኛለች። አንቺ ዝምተኛ ነሽ። ድሮም ዝም ስለምትይ ምንም አይታወቅብሽም።»

በቀጣዩ ሳምንት ወደ ሌላ ጉዞ ገባ። ከዚያም ወደ ሌላ። ቤቱን የሸሸ አይመስለውም፤ ለልጁ የሚሠራ ነው የሚመስለው።

ዘነቡ እናቷን በስልክ ስታጣ ይርጋ «ጸበል ገብታለች፤ እዚያ ስልክ ክልክል ነው» አላት። አመነች። እንደኛ ያለ ሰው ጸበል ሲሉት ምን ይጠይቃል?

አራተኛውን ክሊኒክ ያገኘሁት በሰው ምክር ነው፤ ኮሎሎ፣ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ። የምታክመው ሲስተር ኛቾል ትባላለች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ግን ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ ይልቃል። ደሜን አየች። ልቤን የሚያነብ ማሽን ወዳለበት ላከችኝ፤ ደረት ላይ ቀጭን ሽቦ ለጥፈው የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጡበት ነው። (ይህን አደራ እላለሁ፦ ደረታችሁን ሲያፍናችሁ መጀመሪያ ልባችሁን አስመርምሩ። ጭንቀት ነው ብሎ መደምደም የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሥራ አይደለም።) ወረቀቱን ይዤላት ስመለስ ከጆሮዬ ሥር በአውራ ጣቷ ተጫነችኝ፤ ጮኽሁ።

«አቦ፣ አንቺ ሴትዮ ተወጥረሻል! ልብሽ ሰላም ነው። ወባ የለሽም። ታይፎይዱም አልነበረም። እስቲ ንገሪኝ፣ ከልብሽ የሣቅሽው መቼ ነው?»

«ከስድስት ሳምንት ከሁለት ቀን በፊት። ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ።»

እስክሪብቶዋን ጣል አድርጋ ራሷ ሣቀች። «ሣቋን በሰዓት የምትመዘግብ በሽተኛ ገና ዛሬ አየሁ! ምን ተፈጠረ ያን ቀን?»

«ምንም።»

በዚህ ታሪክ ከምቆጭባቸው ነገሮች አንዱ ይህ «ምንም» ነው። ሴትዮዋ በሩን ከፍታልኝ ነበር። ለሐኪም የደበቅሁት ነገር ለእሷ ምሥጢር ለእኔ በሽታ ሆነ።

ኛቾል ሳትጫነኝ አስረዳችኝ። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ጠብ ሊገጥም እንደተዘጋጀ ይሆናል፤ ጡንቻው ይጠብቃል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ትንፋሹ ያጥራል። የጭንቀት ሆርሞን የሚባል ነገር ደሙ ውስጥ ይፈስሳል። አደጋው ካለፈ ይረግባል። የማያልፍ ከሆነ ግን ሰውነት እንደተገተረ ይቀራል። ሣቅ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያደርጋል። ከሳንባ በታች ያለውን ሰፊ ጡንቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ አየር ሳይጠየቅ ይገባል፤ ሲያባራ ልብ ዝግ ይላል፣ ትከሻ ይወርዳል።

«ወባ አያድንም እሺ? ግን ላንቺ አዝዤልሻለሁ» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት፣ ብቻሽን፣ ለሁለት ደቂቃ ሣቂ። ባይመጣልሽም በግድ። ድምፅ አውጥተሽ። መጀመሪያ ያስጠላል፤ በኋላ ሰውነት ራሱ ይቀበልሻል።»

የታዘዘልኝን ሁሉ እንደ ቤት ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ላውንድሪ ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሰዓቴን የካውያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጀመርሁ። ሃ፣ ሃ፣ ሃ። እንደ ፊደል ገበታ። በሦስተኛው ቀን ዘነቡ ሆዷን አስቀድማ ገባችብኝ።

«ኧረ በስመ አብ! ወይኒዬ! ከማን ጋር ነው?»

«ከማንም ጋር አይደለም። ሐኪም ነው ያዘዘልኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ሣቂ ብሎ። ለሁለት ደቂቃ።»

አየችኝ። ሰዓቴን አየች። «ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?» አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ። «ደግሞ ወተት ይከለክላል?»

ያኔ መጣ። ከስድስት ሳምንት በላይ ታጥሮ የቆየው ሣቅ ከየት እንደተነሣ ሳላውቅ ወጣ። ዘነቡ «ጄኔሬተሩ ተነሣ! ያዥኝ!» እያለች ጠረጴዛውን ትደበድባለች። ሁለታችንም መሬት ላይ ልንቀመጥ ምንም አልቀረን። ያን ምሽት ምሳና እራቴን አንድ ላይ በላሁ። መንጋጋዬን ከነጭራሹ ረሳሁት፤ እስኪነጋ ተኛሁ።

ስለዚህ ሣቅ ይረዳል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ በራሴ ሰውነት አይቼዋለሁ፣ ይረዳል እላለሁ። የግዱም ቢሆን ትከሻ ያወርዳል። የእውነቱ ደግሞ እንቅልፍ ይሰጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘነቡ በየጠዋቱ «ክኒንሽን ይዤ መጣሁ» እያለች አንድ ቀልድ ታመጣልኝ ነበር። እኔንም ቀልድ ልታስተምረኝ ሞከረች። ስጀምረው መጨረሻውን ቀድሜ እናገራለሁ፤ ወይም ዝርዝር አበዛለሁ። «ወይኒ፣ አንቺ ቀልድ ስትነግሪ ሰው ማስታወሻ መያዝ ያምረዋል» ትለኛለች።

ነገር ግን ሣቃችን ሲያባራ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትል ነበር። «ይቺንስ ለእናቴ ነው የማስቀምጣት። ከጸበል ትውጣልኝ ብቻ።» አየሩ የገባበት መንገድ ይዘጋል። ጠዋት ያገኘሁትን ማታ እከፍላለሁ። ግማሽ ተሻለኝ፤ ግማሹ ቆሞ ቀረ።

ኛቾል ጋ ተመልሼ ስሄድ ይህ ገብቷት ነበር። «ስትስቂ አየሁሽ» አለችኝ፤ ክፍሏ ውስጥ አስቃኝ ነበር። «እየሣቅሽ በር ትጠብቂያለሽ። ምን እንዳይወጣ ነው?» ዳግመኛ «ምንም» አልሁ። ጫን ብላ አየችኝና፣ «ካላስ፣ በቃ፣ ስትፈልጊ ነይ» ብላ አሰናበተችኝ።

ዘነቡ ሴት ልጅ ወለደች። ጽናት ተባለች። ዕልል ካሉት ሴቶች መካከል እኔም አለሁበት፤ በተቆለፈ መንጋጋ ዕልልታ እንዴት እንደሚወጣ የሞከረው ያውቀዋል። እስክትገላገል ነበር አደራው፤ ተገላገለች። ስለዚህ የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁን ሄጄ አሁን ይነገራት አልኋቸው። በረንዳቸው ላይ ሻይ አስቀረቡልኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም ልጄ። አራስ መርዶ ይነገራታል እንዴ? ወተቷ ይደርቅባታል። ሰማንያዋ ይውጣ፣ ክርስትናው ይለፍ። ያኔ በወጉ፣ ማልደን፣ ሽማግሌ ይዘን፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ጋሽ ወርቁ፣ ቀኑ እየሄደ ነው። አርባቸው ወጥቷል።»

«የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ ያለው ነው የሚያሳስበን።»

ወተት በሐዘን ይደርቃል ወይ ብዬ ኛቾልን ብጠይቃት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ትመልስልኝ ነበር። የማላውቀውን ቃል ሳልጠይቅ የማላልፈው እኔ ይህን አልጠየቅሁም። ለምን ቢሉ፣ የጋሽ ወርቁ መልስ ለእኔም ተመቸኝ። ሌላ ሰማንያ ቀን ሰጠኝ።

ክርስትናው ሲቃረብ ዘነቡ አንድ ነገር ያዘች። «እናቴ ሳትመርቃት ልጄን አላስጠምቅም» አለች። ይርጋ ምን እንደሚላት ጠፍቶት ወደ እኔ ደወለ። «አንቺ ጻፊልኝ፤ አንቺ ቃል ታውቂያለሽ» አለኝ። የሠራሁትን ልናገር፦ ተቀምጬ ጻፍሁት። ከጸበሉ ቦታ በሰው የተላከ አስመስዬ፣ እትዬ አለሚቱ የሚሉትን አነጋገር ከዘነቡ ቀልዶች እየለቀምሁ፣ ምርቃት ጻፍሁ። ሁለት ጊዜ አረምሁት። «ዕድሜሽ እንደ ዓባይ ይርዘም፣ እናትሽን ጧሪ ቀባሪ ሁኚ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለው። ይርጋ ለዘነቡ ላከላት። ዘነቡ ደግሞ አምጥታ፣ «አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ ያለቅሰኛል» ብላ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። በዓሉ ላይ፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት አነበብሁት። ሴቶቹ አሜን እያሉ አለቀሱ። ዘነቡ ስልኩን ሳመችው።

በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ጥሩ አድርጌ የጻፍሁት እሱን ነው። ፊደል የቆጠርሁት ለዚህ ነበር እንዴ አልሁ። ያን ቀን ምግብ ሲቀርብ አፌ ማንኪያ አላስገባም አለ። ሌሊቱን ልቤ ሲጋልብ አደረ፤ ጠዋት ለሁለት ደቂቃ ልስቅ ላውንድሪ ብገባ ድምፅ አልወጣልኝም።

ጋሽ ወርቁ በክርስትናው ማግስት ለሥራ ወደ ቦር ሄዱ። «ሁለት ሳምንት ነው፤ ያለ እኔ እንዳትሞክሩት» አሉ። ሁሉም እሺ አለ። እኔም እሺ አልሁ።

ዛሬ ደህና ነኝ። መንጋጋዬ ይከፈታል፤ እተኛለሁ። ኛቾል ጋ በኋላ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኋት። ብዙ አልወቀሰችኝም፤ «ወተት እኮ ለጥቂት ቀን ይቀንሳል እንጂ አይደርቅም፤ ሕፃኗ እየጠባች ይመለሳል» ብቻ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ፤ ልማድ ሆኗል፣ ይጠቅመኛልም። ዘነቡ አገር ቤት ቀርታለች። አልፎ አልፎ ትደውላለች። ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ስለ ሥራው ትጠይቀኛለች፣ ጽናት ጥርስ ማብቀሏን ነግራኛለች። ቀልድ ግን አትነግረኝም። እኔም አልጠይቃትም።

የነገርኋት ሰኞ ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ። የወሊድ ፈቃዷ አላለቀም፤ ጽናትን አቅፋ ላውንድሪ መጣች። ሁለቱም ማድረቂያ ማሽኖች ይዞራሉ። ፊቷ በርቷል። በሩን በእግሯ ዘጋችውና ስልኳን አሳየችኝ።

«ለማንም አልነገርሁም፣ ላንቺ ብቻ ነው። ግርማም አያውቅም፣ ይርጋም አያውቅም። ቲኬት ቆረጥሁ! ዓርብ ነው። ጸበሉ ድረስ ራሴ ሄጄ፣ ድንገት ልጅቷን ጭኗ ላይ ቁጭ ነው የማደርጋት። እስቲ ምን እንደምትል ገምቺ! መጀመሪያ ትሰድበኛለች፤ ይኼ ርግጥ ነው።»

ዓርብ። ጋሽ ወርቁ ቦር ናቸው። ደርሳ የተዘጋ ቤት ታያለች። አለዚያም አውቶቡስ ላይ፣ ከማያውቃት ጎረቤት አፍ ትሰማዋለች።

በወጉ የሚደረገው ሁሉ ይታወቃል። ማልዶ ነው። ሽማግሌዎች ይቀድማሉ፤ ሴቶች በር ላይ ይቆማሉ፤ የምትሰማዋ ትቀመጣለች፤ ሕፃን ካለ አስቀድሞ ከእጇ ይወሰዳል። ሥርዓት አዛንፌ የማላውቀው እኔ፣ በቀትር፣ ብቻዬን፣ ቆሜ፣ ልጇን እንዳቀፈች፣ ማሽኑን እንኳ ሳላጠፋ ነገርኋት።

«ዘነቡ፣ እትዬ አለሚቱ ጸበል የሉም።»

«ታዲያ የት ሄደች? ወጣች እንዴ?»

«ዐርፈዋል።»

ሣቀች። «ኧረ ወይኒ! ተይ፣ ቀልድ አትችይበትም ብዬሻለሁ። በዚህ አይቀለድም።» ሣቋ ብቻውን ትንሽ ሄደ፤ እኔን እያየች ነበር። ከዚያ መሄዱን አቆመ።

«መቼ?»

«ጽናት ሳትወለድ። ሰባተኛ ወርሽ ላይ።»

አፏ ውስጥ የምትቆጥር ይመስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ምርቃቱስ?» አለች።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

ልጇን ዘረጋችልኝ። እኔን ያመነችኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን እጆቿ ስለማይችሉ ነው። ጽናትን ተቀበልሁ። ዘነቡ ለማጠፍ የተከመሩት ንጹሕ አንሶላዎች ላይ ወደቀች፤ ከሆዷ የወጣው ድምፅ ማሽኖቹን አስረሳ። ከወጥ ቤት ሴቶቹ እየሮጡ መጡ፤ አንዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ራሷን ይዛ ጮኸች። በዚያች ደቂቃ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ መንጋጋዬ ተፈታ። አየሩ ጉሮሮዬን አልፎ፣ ደረቴን አልፎ፣ እስከ ሆዴ ወረደ። አምስት ወር ተኩል ያጣሁትን ትንፋሽ እሷ ስታለቅስ ቆሜ እጠጣው ጀመር። ደጋግሜ ተነፈስሁ። ማቆም አልቻልሁም።

ዘነቡ ራሷን ከአንሶላው አነሣች። ሴቶቹን ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ሆና ነው? ታማ ነበር? ጠርታኛለች? ማን ነበር አጠገቧ?»

አፌን ከፈትሁ። አሁን ይከፈታል። እትዬ አለሚቱ በምን እንደሞቱ ይርጋን ጠይቄው አላውቅም ነበር።